በሐርቡ በቆሎ ላይ ያየኸው ትኋን፦ ከአሜሪካ መጣ ለማለት አትቸኩል

ጥያቄው የመጣው ከሐርቡ፣ በቦርከና ውኃ በቆሎ ከሚያለማ ወጣት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«በቆሎዬ ላይ መጤ ተምች ገብቷል። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ማሳው ውስጥ ስዞር አንድ ቡናማ፣ ጋሻ የመሰለ፣ ትከሻው ግራና ቀኝ ሹል ቀንድ ያለው ትኋን ተምቹን በአፉ ወግቶ አንጠልጥሎ ሲመጠው አየሁ። ፎቶ አንስቼ በስልኬ መተግበሪያ ስፈልገው ‹ፖዲሰስ ማኩሊቬንትሪስ› አለኝ። አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው ይላል። ሌላ ቦታ ደግሞ አዳኝ ትኋኖች ‹በኢትዮጵያ ክልል ይገኛሉ› የሚል አነበብኩ። የቱን ልመን? የአሜሪካ ከሆነ እንዴት ወሎ ደረሰ? ከውጭ አስመጥቼ ወይም አርብቼ ብለቀው ተምቹን ይጨርስልኛል? እናቴ ደግሞ ትኋን ነው፣ ቤት ይገባል፣ ግደለው እያለችኝ ነው። መድኃኒት ልርጭ ወይስ ልተው?»

ከእናትህ ልጀምር፣ ምክንያቱም ትኋኑ ሳይጣራ ከተገደለ የቀረው ወሬ ዋጋ የለውም። ‹አብሽሩ ብሏል ባለሙያው› በልልኝ። የአልጋ ትኋንና ይኼ ስም ይጋራሉ እንጂ ኑሯቸው ለየቅል ነው። የአልጋው ደም መጣጭ ነው። ይኼኛው የሚኖረው ቅጠል ላይ ነው፣ የሚበላውም ትል ነው። በእጅህ ጨምቀህ ከያዝከው ሊወጋህ ይችላል፣ ያማልም፤ ግን ደም ፍለጋ ሰው ላይ አይወጣም። ሽታው ደግሞ ራሱን የሚከላከልበት ነው። ሲነኩት ከደረቱ ሥር ካሉ ዕጢዎች ይረጨዋል፣ ወፍም ሰውም እንዲተወው።

አሁን ወደ ስሙ። ያየኸው የአሜሪካው ፖዲሰስ ነው ብዬ አልቀበልም። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ፖዲሰስ ማኩሊቬንትሪስ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ1832 ነው። ከካናዳ ጀምሮ አሜሪካን አቋርጦ እስከ ሜክሲኮና እስከ ካሪቢያን ደሴቶች ይኖራል። ከዚያ ውጭ የታየባቸው አገሮች ሰው የወሰደው ነው። አውሮፓ ውስጥ የድንች ጥንዚዛን ይበላልናል ብለው ሞክረውታል፣ በፕላስቲክና በመስታወት ቤት የሚለማ አትክልት ላይም ትል እንዲያድን ለቀውታል። ተፈጥሯዊ አገሩ ግን አፍሪካን አይነካም።

ታዲያ መተግበሪያው ለምን ዋሸኝ ትል ይሆናል። አልዋሸህም። የሚያውቀው የተሰጠውን ፎቶ ነው። የአሜሪካው ትኋን እልፍ ጊዜ ፎቶ ተነስቷል፣ የወሎው ግን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ያንተን ሥዕል ሲያይ ከሚያውቃቸው ሁሉ በጣም የሚመስለውን አንስቶ ይሰጥሃል። ይመስላል ማለት ነው ማለት አይደለም። የትከሻ ቀንድ ደግሞ በጣም የሚያሳስት ምልክት ነው። ቀንድ ያላቸው አዳኞች አሉ፣ ቀንድ ያላቸው ቅጠልና ፍሬ መጣጮችም አሉ፤ ቡናማ ቀለም እንደሆነ የሁሉም ነው።

እኔም በዚህ ተሳስቻለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ተሁለደሬ አካባቢ ያሉ አባት በክብሪት ቀፎ ቡናማ ትኋን ይዘው መጡ። ጀርባውን ብቻ አይቼ ‹ተባይ ነው፣ ይረጭ› አልኳቸው። ‹ልጄ፣ ይኼ እኮ ትል ሲበላ ነው ያገኘሁት› አሉና ገለበጡልኝ። ሲገለበጥ ነው ያየሁት። ከዚያ ወዲህ ትኋን ሳልገለብጥ ስም አልሰጥም፣ አንተም ያንን ልማድ እንድትይዝ እፈልጋለሁ። የላክኸው ፎቶ ጀርባውን ብቻ የሚያሳይ ስለሆነ ነው ይህን ሁሉ የምለው።

ስትገለብጠው አፉን እይ። ያንተውን የመሰሉ ጋሻ መሰል ትኋኖች፣ በሽታቸው ‹የሚሸቱ ትኋኖች› የምንላቸው፣ የሁሉም አፍ እንደ ረዥም መውጊያ ነው፣ ሥራ ሲፈታ ሆዳቸው ሥር ወደ ኋላ ታጥፎ ይተኛል። ቅጠል የሚመጠው ቀጭን ነው፣ የልብስ መርፌ በለው፤ ሥሩ ላይም ጭንቅላቱ ሥር ባሉ ሁለት ከንፈር መሰል ጠርዞች መሐል ተሸጉጧል። የአዳኙ ወፍራም ነው፣ የስፌት ወስፌ በለው። ሥሩም ነፃ ስለሆነ ወደ ፊት ቀጥ አድርጎ ሊዘረጋው ይችላል። ተምቹን ‹አንጠልጥሎ› ያልከኝ በዚህ ነው የሚሆነው፤ መርፌው አፍ ያንን ክብደት ይዞ አይሄድም። ይህ አነጋገርህ ብቻውን አዳኝ ነው ወደሚለው ይወስደኛል።

አንድ ሌላ ዘመድም አለ፣ ገዳይ ትኋን የምንለው። እሱም ትል ይበላል፣ አፍሪካም ሞልቷል። ጭንቅላቱ ጠባብ፣ አንገት ያለው ይመስላል። አፉ አጭርና እንደ ማጭድ ቆልመም ያለ ነው። ጋሻ የሚመስል ሰፊ ትከሻ ካየህ ግን ከሚሸቱት ወገን ነው።

‹በኢትዮጵያ ክልል› የሚለው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ የአገራችን ልጆች፣ ተማሪዎችም ጭምር፣ በዚህ ቃል ይሳሳታሉ። በ1858 ስክሌተር የሚባል እንግሊዛዊ የዓለምን ወፎች ይዞ ምድርን በስድስት የእንስሳት ክልሎች ከፈላት። አንዱን ከጥንቱ የግሪክ አጠራር ተነስቶ ‹የኢትዮጵያ ክልል› አለው። ሌላው እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ዋላስ በ1876 ያንኑ አከፋፈል ለእንስሳት ሁሉ አሰፋው። በእነሱ አባባል የኢትዮጵያ ክልል ማለት ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ በሙሉ ነው፣ የደቡብ ዓረቢያም ጫፍ ይጨመርበታል። አሁን ያ ስም ተትቶ ‹አፍሮትሮፒክ› ይባላል፣ የድሮ መጻሕፍትና ከነሱ የተቀዱ ጽሑፎች ግን አሁንም የቀድሞውን ይጠቀማሉ።

ስለዚህ ‹በኢትዮጵያ ክልል ይገኛል› ሲል ነፍሳቱ የተያዘው ሴኔጋል ሊሆን ይችላል፣ ኬፕታውንም ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ይልቁንም ሐርቡ ውስጥ ተገኘ ማለት አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ የለም ማለትም አይደለም። ቃሉ የሚነግርህ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ የራሱ ነፍሳት አሉት።

አዎ፣ የራሱ አሉት፤ አዳኝ ትኋንም ከነሱ አንዱ ነው። ይህን ነው ልብ እንድትል የምፈልገው። አዳኝ የሆኑት የሚሸቱ ትኋኖች አንድ ወገን ናቸው፣ በዓለም ላይ ወደ 300 የሚጠጉ ዓይነቶች አሏቸው። ከነሱ አንዱ ብቻ ነው የአሜሪካው ፖዲሰስ። አፍሪካ ውስጥ ማክሮራፊስ እና ግሊፕሰስ የሚባሉ ዘሮች አሉ፣ የቢራቢሮና የእሳት ራት ትሎችን የሚያድኑ። አንድራለስ ስፒኒደንስ የሚባለው ደግሞ ትከሻው ሹል ነው፣ በሞቃት አገሮች በጣም ሰፊ ቦታ ይዟል፣ እስያ ውስጥ የሩዝ ማሳ ትል በመብላት ይታወቃል። ያየኸውን ለማወቅ ፍለጋውን ከዚህ ጀምር፣ ከካናዳ አትጀምር።

ተምቹ ከአሜሪካ መጥቷልና ትኋኑም ተከትሎት መጣ ብለህ አስበህ ከሆነ አልፈርድብህም። እውነትም መጤ ተምች የአሜሪካ አህጉር ነው፣ አፍሪካ ውስጥ መኖሩ የተነገረው በ2016፣ እኛ ጋ ደግሞ በ2017 ነው። ምግቡን ተከትሎ የተጓዘ አዳኝ ትኋንም አለ። ፔሪለስ ባዮኩላተስ የሚባለው መነሻው የሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ነው። የድንች ጥንዚዛ ከዚያው አካባቢ ተነስቶ ከድንች ማሳ ወደ ድንች ማሳ እየተሻገረ በ1874 አትላንቲክ ጠረፍ ሲደርስ ትኋኑም ከኋላው ወደ ምሥራቅ ሰፋ። ግን ልብ በል፣ ይህ የሆነው በአንድ መሬት ላይ ነው፣ በእግርና በክንፍ። ውቅያኖስ ሲመጣ ሌላ ነው። ያንኑ ፔሪለስን አውሮፓውያን አስመጥተው ለዐሥርት ዓመታት ለቀውታል፣ ብዙ ቦታ ብርዱን ሳያልፍ ጠፋ። በኋላ ግን በቱርክ፣ በባልካን አገሮችና በደቡብ ሩሲያ ለመደ። ሰው ሲፈልግ እምቢ ብሎ፣ ጥግ ይዞ ሲመቸው ብቅ አለ ማለት ነው።

ተገላቢጦሹም አለ። ፒክሮመረስ ባይደንስ የአውሮፓና የእስያ ነው። በ1932 አሜሪካ ሜይን ውስጥ ተገኘ፣ ከዚያም ሰሜን ምሥራቁን ያዘ። ይህ ትኋን በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚራባው፣ ብርዱን የሚያሳልፈውም በእንቁላል ነው። ፖዲሰስ ግን ብርዱን የሚያሳልፈው ጎልማሳው ነው፣ ቅጠል ሥር ተሸሽጎ። የሁለቱ ካርታ የተለያየው ለዚህም ጭምር ነው። አንድ ነፍሳት የት ድረስ ይኖራል የሚለውን የሚወስነው ብርዱን የሚያልፍበት መንገድ፣ የሚበላው ነገር፣ እርጥበቱ፣ ከዚያም ሰው ጭኖ የወሰደው መርከብ ነው።

ተምቹ የመጣ ሆኖ አዳኙ የአገር ልጅ መሆን ይችላል? በደንብ ይችላል። አዳኝ ትኋኖች አብዛኞቹ መራጭ አይደሉም። ለስላሳ ቆዳ ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ትል ካገኙ ይበቃቸዋል። እኛ ጋ ተምች ድሮም ነበረ፣ የሽምብራው ጓይ ትልም ነበረ፣ የማሽላው አገዳ ቆርቋሪም ነበረ። እነሱን ሲበላ የኖረ ትኋን አዲስ ትል በገፍ ሲመጣለት ወደዚያ ይዞራል። ያንተ በቆሎ ላይ የሆነው ይህ ይመስለኛል።

የኛ አገር ካርታ ደግሞ ቁልቁልና ሽቅብ ነው የሚነበበው። ሐርቡ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850፣ ደሴ ወደ 2,500። በመኪና አጭር መንገድ ነው፣ ለነፍሳት ግን ሌላ አገር ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። ትኋን የራሱ ሙቀት የለውም፣ የሚያድገው አየሩ ሲሞቅ ነው። ከእንቁላል ወጥቶ ክንፍ እስኪያወጣ አምስት ጊዜ ቆዳውን ይቀይራል፤ ሐርቡ ላይ ይህን በሳምንታት የሚጨርሰው ደሴ ላይ ብዙ ይዘገያል፣ ደላንታ ደጋ ላይማ ጭራሽ ላይሆንለት ይችላል። ስለዚህ የደሴ ወዳጅህ ‹እኔ ጋ አላየሁም› ቢልህ ሁለታችሁም እውነት ትናገራላችሁ።

ሌላው የዝናቡ ነገር ነው። ወሎ በልግም መኸርም አለው፣ በመሐል ግን ደረቅ ወራት አሉ። ማሳው ባዶ ሲሆን ትሉ ይጠፋል፣ ትሉ ሲጠፋ ትኋኑም ይሄዳል ወይ ይሞታል። እንዳንተ ያለው የቦርከና መስኖ፣ የቆቦ ጊራናም እንዲሁ፣ በበጋ አረንጓዴ ሆኖ ስለሚቆይ አዳኙንም ተባዩንም ያቆያል። በመስኖ ዳር ያለው አጥር፣ ሣር፣ ቁጥቋጦ ለሱ ደረቁን ወራት ማሳለፊያ ቤቱ ነው። ዳሩን ሙልጭ አድርጎ ማቃጠል የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ እባክህ ይህን አታድርግ።

ካርታ ላይ ነጥብ የለም ማለት ነፍሳቱ የለም ማለት አይደለም። ነጥቡ የሚያሳየው ሰው ሄዶ የያዘበትን ቦታ ነው። ጥሩ ምሳሌ አለን፣ ደገዛ። የወሎ ገበሬ ጤፉን የሚበላውን ይህን ክንፈ አጭር ፌንጣ ከጥንት ጀምሮ በስሙ ያውቀዋል። ሳይንሱ ስም የሰጠው ግን በ1977 ነው፣ ‹ዴክቲኮይደስ ብሬቪፔኒስ› ብሎ። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። እንግሊዞቹ ‹የወሎ ፌንጣ› ይሉታል፣ ከወሎ ውጭ ባሉ አካባቢዎችም ግን ይገኛል። ያያቶቻችን ዓይን ከካርታው በብዙ ዘመን ቀድሞ ነበር። ያንተ ትኋን ላይም እንደዚያ ሊሆን ስለሚችል ነው ጉዳዩን ከልቤ የያዝኩት።

አስመጥቼ ልልቀቅ ወይ ላልከው መልሴ አጭር ነው፦ አታስመጣ። ሕያው ነፍሳት ወደ አገር ለማስገባት የዕፅዋት ኳራንቲን ፈቃድ ያስፈልጋል። ለዚህ ዓለም አቀፍ መመዘኛም አለ፣ የሚለቀቀው ነገር ሌላ ምን ይበላል የሚለው አስቀድሞ መጣራት አለበት። ይህ ቢሮክራሲ ብቻ አይደለም። ፖዲሰስ ከ90 በላይ የነፍሳት ዓይነቶችን እንደሚበላ ተመዝግቧል፣ ከነሱ መሐል የአንተ ወዳጆችም አሉ፦ አፊድ የሚባሉትን ቅጠል መጣጭ ጥቃቅን ነፍሳት የምትበላው ባለ ነጠብጣቧ ጥንዚዛ ልጆች ጭምር። ሲርበው የራሱን ወገን ይበላል። በዚያ ላይ ይህ ትኋን መቼ እንደሚያርፍና መቼ እንደሚራባ የሚያውቀው ከቀኑ ርዝመት ነው፣ በሙቀቱ ወራት ረዥም፣ በብርዱ ወራት አጭር ከሆነው የሰሜን አገር ቀን ጋር ተስማምቶ። እኛ ጋ በረዥሙና በአጭሩ ቀን መሐል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። እዚህ ሲለቀቅ ሰዓቱ ይዛባበታል። ገንዘብህን አውጥተህ፣ ሕግ ጥሰህ፣ የማይለምድ ነገር ወይም ከለመደ የማይመለስ ነገር ታመጣለህ።

ቤት ውስጥ ማርባቱንም አልመክርህም። በየቀኑ በሕይወት ያለ ትል ማቅረብ አለብህ፣ አንድ ላይ ካጨቅካቸው ይበላላሉ። ከዚህ ይልቅ ማሳህ ላይ ያሉትን አኑራቸው። የእንቁላሉን መልክ ልንገርህ፦ ቅጠል ላይ ተደርድረው የተለጠፉ ጥቃቅን በርሜሎች ይመስላሉ፣ ብዙ አዳኞች ላይ ደግሞ በርሜሉ አፍ ዙሪያ ቀጫጭን ፀጉር መሰል ነገር ቆሞ ታያለህ። እንደዚያ ያለውን ቅጠል አትቅጠፍ። የተፈለፈሉት ልጆች መጀመሪያ ላይ አያድኑም፣ እንቁላላቸው አጠገብ ተሰብስበው እርጥበት ብቻ ይጠጣሉ። ‹ተባይ ፈላ› ብለህ እንዳትጨፈልቃቸው። አድገው አዳኝ ከሆኑም በኋላ አንዳንዴ የበቆሎውን ቅጠል ወግተው ውኃ ይመጥጣሉ፣ በቆሎውን ግን አይጎዱትም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። የሚሸት ትኋን ሁሉ ወዳጅ አይደለም። ቲማቲምና ማሾ ላይ የምታየው አረንጓዴው ትኋን፣ ጎመን ላይ የሚመጣው ጥቁርና ብርቱካናማ ዝንጉርጉሩ፣ የቡናው አንቴስቲያ፣ ሁሉም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው፣ ሁሉም ሰብል ይጎዳሉ። ወስፌውን አይተህ ነው የምትለየው።

አሁን ትልቁ ጥያቄህ፣ ተምቹን ይጨርስልኛል ወይ? አይጨርስልህም። አንዲት የመጤ ተምች እናት ከ1,000 በላይ እንቁላል ትጥላለች። ትሉ ሲያድግ ደግሞ በቆሎው መሐል ወዳለው ጥቅልል ቅጠል ይገባል፣ በራሱ ኩስ ይደፈናል፣ ትኋኑ እዚያ አይደርስበትም። ትኋኑ የሚረዳህ ትሉ ገና ቅጠል ላይ እያለና ወደ ሌላ ተክል ሲሻገር ነው። ሌሎችም ይረዱሃል፦ ጉንዳን፣ ሸረሪት፣ እንቁላሉ ውስጥ የምትራባው ጥቃቅን ተርብ። የነዚህ ሁሉ ድምር ነው ተምቹን የሚያሳሳው።

ስለዚህ መርጨት አለመርጨትህን በቁጣ አትወስን፣ ቆጥረህ ወስን። ማሳው ውስጥ እየተጠማዘዝክ አምስት ቦታ ቁም፣ እያንዳንዱ ቦታ ላይ 10 ተክል እይ። በቆሎው ገና ልጅ ከሆነ ከ10 ተክል ሁለቱ ላይ አዲስ ጉዳት እስካላየህ ድረስ አትርጭ። ካደገና ጥቅልሉ ከጎለበተ በኋላ እስከ አራት ይታገሣል። ከዚያ በታች ከሆነ በእጅ ልቀመው፣ እንቁላሉን ጨፍልቀው፣ ጥቅልሉ ውስጥ አመድ ወይም ደቃቅ አፈር አድርግበት። ማሳህ ትልቅ ካልሆነ ቤተሰቡ በሁለት ጠዋት ይጨርሰዋል።

ቁጥሩ ካለፈ የምትረጨውን ምረጥ። ማላታዮን፣ ዲያዚኖን፣ ላምዳ ሳይሃሎትሪን የሚባሉት ትሉንም ትኋኑንም ተርቡንም አንድ ላይ ይጠርጋሉ። ከዚያ ተምቹ ቀድሞ ይመለሳል፣ ጠላቱ ግን አልተመለሰም፤ ባዶ ቤት ያገኛል። ተክሉ ውስጥ ገብቶ በጭማቂው የሚሠራው መድኃኒትም ደህና ይመስላል እንጂ አይደለም፣ አዳኙ ውኃ ብሎ ከቅጠሉ የሚጠጣው እሱኑ ነው። ካስገደደህ ቢቲ የሚባለውን፣ ከባክቴሪያ የሚሠራውንና ትል ላይ ብቻ የሚሠራውን ፈልግ፣ ወይም የኒም ፍሬ ውጥ ተጠቀም። ሁለቱም የሚሠሩት ትሉ ትንሽ እያለ ነው። የምትረጨው ደግሞ አመሻሽ ላይ፣ ተምቹ ለመብላት በሚወጣበት ሰዓት፣ ወደ ጥቅልሉ አነጣጥረህ ነው፤ ማሳውን በሙሉ አታጥበው።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ የምፈልገው ነው። ከምታያቸው ትኋኖች አንድ ወይም ሁለት ያዝ። ከፋርማሲ በሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል በትንሽ ጠርሙስ ክተት። ወረቀት ቁራጭ ላይ በእርሳስ ጻፍና እዚያው አልኮሉ ውስጥ ክተተው፤ እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ ይጠፋል። ቀኑን፣ ቀበሌውን፣ ስልክህ የሚያሳይህን ከፍታ፣ በቆሎ ላይ መሆኑን፣ ሲበላ ያየኸውንም ትል ጻፍ። የሚበላውን ትል ሌላ ጠርሙስ ውስጥ አድርገው። ከመክተትህ በፊት ሦስት ፎቶ አንሳ፦ ከጀርባው፣ ከሆዱ፣ ከጎን አፉ እንዲታይ። ከዚያ ለወረዳው የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ስጥ፣ ወደ ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል እንዲደርስ ብለህ ጠይቅ። አዳኝ ትኋኖችን እርስ በርስ ለመለየት አንዳንዴ የወንዱን የመራቢያ ክፍል በማጉያ ማየት ያስፈልጋል፣ ይህ ደግሞ ከፎቶ አይገኝም። ለዚህ ነው አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት ያዝ ያልኩህ፣ አንዱ ወንድ እንዲሆን።

ነገ ጠዋት ፀሐይ ሳይጠነክር ውጣ፣ ያን ጊዜ ቀዝቅዘው ቅጠል ላይ ቆመው ታገኛቸዋለህ። እስክትይዝ ድረስ ግን ያንን የማሳ ጥግ አትርጨው።